የአባ ሙሉ ባጅ

በበረዶ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ጫኝና አውራጁም፣ ፎርክሊፍት ነጂውም፣ በር ላይ የምትቀመጠው ተቆጣጣሪም «አባ ሙሉ» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት በባጁ ምክንያት ነው። ጠዋት ሥራ ሲገባ ደረቱ ላይ የለጠፋትን፣ የክብሪት ቀፎ የምታህለውን ባጅ ለተቆጣጣሪዋ ገልበጥ አድርጎ ያሳይና «እዪያት፣ ሙሉ ናት!» ይላል። ባትሪዋን ማለቱ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው የባትሪ ፍቅር ኖሮበት እንዳይመስላችሁ። ባጇን የሠራቻት ልጁ ናት።

ያለችውም እሷ ብቻ ናት። እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተች አጥቦ፣ አብልቶ፣ ጠጉር ጎንጉኖ ያሳደጋት እሱ ነው። በበረዶ ደንዝዞ በዋለ ጣት የተጎነጎነ ጠጉር ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት፤ ትምህርት ቤት ልጆች ይስቁባት ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ አስቀያሚ ነው» ብላው አታውቅም። ተምራ መሐንዲስ ስትሆን፣ ከዚያም የምትሠራበት ትንሽ ድርጅት ለበረዶ ቤቱ ዕቃ ሊሠራ ሲዋዋል፣ አባ ሙሉ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «የኔ ልጅ እኮ ናት የሠራችው! ይቺን! ይቺን የደረታችሁን!» እያለ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞር ዋለ።

በረዶ ቤቱ ከውጭ ሲታይ መስኮት የሌለው ረጅም መጋዘን ነው። ውስጡ አንዱ አዳራሽ በሌላው ሆድ የሚገባ ነው፤ መጀመሪያ ቅቤው፣ ቀጥሎ ሥጋው፣ መጨረሻ ላይ ዓሣው። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ብርዱ ይብሳል፤ ዓሣው ጋ ሲደረስ ቅንድብ ላይ በረዶ ይጋገራል። ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ በሁለቱም ወገን ብረት የለበሰ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ጩኸትም አይወጣም። አንድ ካርቶን ደርዳሪ ዓሣው ጋ ወድቆ፣ የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ፣ በማግስቱ ደርቆ ከተገኘ በኋላ ነው ኩባንያው መፍትሔ ፈልግ ተብሎ የተያዘው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

መፍትሔው ባጇ ሆነች። የለበሳት ሰው ለጥቂት ጊዜ ከነአካቴው ካልተነቃነቀ «ሰው ወድቋል» የሚል መልእክት ትልካለች። ግን ብረት አልፎ የሚሄድ መልእክት የለም። በየአዳራሹ መቀበያ ሣጥን መትከል ይቻል ነበር፤ ኩባንያው ግድግዳዬ አይበሳም፣ ቅዝቃዜዬም አይወጣም፣ ወጪውም አይሞከርም አለ። ስለዚህ መቀበያው አንድ ብቻ ሆነና በሩ ላይ ተሰቀለ። መልእክቱ እዚያ የሚደርሰው ከሰው ደረት ወደ ሰው ደረት እየተቀባበሉት ነው። ዓሣው ጋ ያለው ሰው ባጅ ሥጋው ጋ ላለው፣ የሥጋው ለቅቤው፣ የቅቤው ለበሩ። ሰዎቹ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆሙ፤ እነሱ ሲሄዱ ሲመጡ መንገዱም አብሯቸው ሲሄድ ሲመጣ ይውላል።

የሌላውን መልእክት መሸከም ባትሪ ይበላል። ታዲያ ማን ይሸከም? መሐንዲሷ የተጨነቀችው በዚህች ጥያቄ ነበር። መልሷ ቀላልና ያማረ ነበር፤ ጉልበት ያለው ይሸከም። እያንዳንዷ ባጅ የቀራትን ባትሪ ለጎረቤቶቿ ትናገራለች፣ መልእክቱም ይበልጥ በሞላችው በኩል ያልፋል። ከግማሽ በታች የወረደችዋ፣ ሌላ የሚሸከም እስካለ ድረስ፣ አትጫንም፤ የራሷን ብቻ ትናገርና ትረፍ። «ደካማውን የሚያሳርፍ ሥርዓት ነው» እያለች በየስብሰባው ስታስረዳ ዓይኗ ውኃ ያቀርር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ጀርባው እስኪጎብጥ ሲሸከም የኖረ አባት ነዋ።

ሥርዓቱ መልካም ነበር። የረሳችው አንድ ነገር ቢኖር ባጇን የሚለብሰው ሰው መሆኑን ነው፣ ሰው ደግሞ ብልጥ ነው።

በረዶ ቤቱ ውስጥ ባጁ የሞተበት ሠራተኛ ወደ በር መውጣት፣ ከባዱን ካፖርት ማውለቅ፣ መፈረም፣ ባትሪ ቀይሮ መመለስ አለበት። ያ ሁሉ ጊዜ ከሻይ ዕረፍቱ ይቆረጥበታል። በዚያ ብርድ ውስጥ ለሚውል ሰው የሻይ ዕረፍት ማለት ነፍስ ማለት ነው። ሳቂታው የሚባለው ጫኝ አንድ ማታ ቤቱ ሲሞላት መብራት ሄዶበት ባጁን በግማሽ ይዞ መጣ፤ ምሳ ሳይደርስ ትሞታለች ብሎ ሲጠብቅ እስከ ማታ ቆየችለት። የፊተኛው ቀን ሙሉ ሆና ረፋድ ላይ የሞተችው ባጅ! በማግስቱ ሆን ብሎ ግማሽ ላይ ከሶኬት ነቀላት፤ አሁንም ቆየች። ለጓደኛው ነገረው፣ ጓደኛው ለጓደኛው። ለምን እንደሆነ የገባው አንድም ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ግን ግማሽ ላይ መንቀል ጀመረ።

ለአባ ሙሉ የነገረው የለም። ነገሩ ልጅቷ ጆሮ ይደርሳል ብለው ፈሩ። ደግሞም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንድ ሰው መሙላቱን አልጠሉትም። እሱ ሙሉ ሆኖ የመጣ ቀን የሁሉም ባጅ እስከ ማታ ትቆያለች፤ እሱ ታሞ የቀረ ቀን ግን ከሰዓት ላይ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ይህን ደግሞ በደንብ አስተውለውታል። «አባ ሙሉ መጡ?» ይባባላሉ ጠዋት፤ መጡ ከተባለ ይሳሳቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ሽማግሌው ናፍቀውት የሚጠይቁ ይመስለው ነበር። ሥራው ደግሞ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከዓሣው ወደ ቅቤው፣ ከቅቤው ወደ ዓሣው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ መመላለስ ነው። የማን መልእክት ነው በሱ ደረት ሳያልፍ የሚቀር?

መሐንዲሷ ቢሮዋ ተቀምጣ ይህን ሁሉ በስክሪን ታየው ነበር። ስም አይታይም፤ ቁጥር ነው። አንድ ከሰዓት የወሩን መረጃ ስትገልጥ ጮክ ብላ ሳቀች።

«ምን አገኘሽ?» አለ አለቃዋ ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

«ና እስቲ እይ። ሠላሳ ሰባት ቁጥርን እይልኝ። አብዛኛው መልእክት የሚያልፈው በዚች ነው። የሌሎቹ ባትሪ ሲቆጠብ አየኸው? ካሰብነው በላይ እየቆዩ ነው!»

«ሠላሳ ሰባት ማን ነው?»

«እንጃ። የስም ዝርዝሩ ያለው በረዶ ቤቱ አስተዳደር ጋ ነው። ብቻ ይችን ባጅ የያዘውን ሰው ባገኘው ግንባሩን ነበር የምስመው።»

«ተዪው፣ ማንም ይሁን» አለ አለቃዋ እየሳቀ። «ባጁን ሊገዙን ላሰቡት ሆስፒታሎች በምናቀርበው ላይ አስገቢው። የባጆቹ ዕድሜ ረዘመ በዪ።»

አስገባችው። አንድ ስልክ ደውላ «ሠላሳ ሰባት ማን ነው?» ብትል ኖሮ በደቂቃ ይነገራት ነበር። አልደወለችም። ደስ ያለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

በዚያው ሰሞን አባትና ልጅ እራት ላይ ተቀምጠው አባ ሙሉ ዳቦውን እየቆረሰ፣ እንደ አፈረ ሰው ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ልጄ፣ ይቺ ባጅ ቶሎ ትደክማለች እኮ» አላት።

«እንዴት ትደክማለች?»

«ምሳ አትደርስም።»

«ሶኬቱን አጥብቀህ ሰክተኸዋል?»

«ሰክቼዋለሁ።»

«አረንጓዴው እስኪበራ ጠብቀሃል?»

«ሙሉ ነው የማደርጋት፣ እኔማ።»

ደክሟት ነበር። የሆስፒታሎቹ ጉዳይ ጭንቅላቷን ይዟታል። «አባዬ፣ የሌላው ሰው ሁሉ እስከ ማታ ይሠራለታል። ያንተ ብቻ ለምን ትሞታለች? አልሰካኸውም ማለት ነው» አለችው፣ ሕፃን እንደምትቆጣ። «እኔ የሠራሁትን አንተ ካልያዝከው ማን ይይዝልኛል?»

ሁለቱን ነገር፣ ሠላሳ ሰባት ቁጥርንና የአባቷን ባጅ ቶሎ መሞት፣ ማገናኘት ይከብዳል? ምንም አይከብድም! የማያውቃት ሰው ደውሎ እንዲህ ሆነብኝ ቢላት በአምስት ደቂቃ ትደርስበት ነበር። የገዛ አባት ሲናገር ግን የሚሰማው እርጅናው ነው እንጂ ነገሩ አይደለም።

አባ ሙሉ ከዚያ ወዲያ ባጁን ሲሰካ ሶኬቱን በጨርቅ አስሮ ማጥበቅ ጀመረ። ባትሪ ለመቀየር ወደ በር መውጣትም ተወ። እዚያ የሚፈረምበት ወረቀት ላይ «ባጁ ሞቷል» ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የልጄ ሥራ ሞተ ብሎ መፈረም እጁ እምቢ አለው። ስትሞት በሞተችበት ደረቱ ላይ ይዟት ይውላል።

አደጋው በደረሰ ቀንም ባጇ የሞተችው ረፋድ ላይ ነው። ከሰዓት የዓሣው አዳራሽ ሰዎች ለሻይ ሲወጡ እሱ «ይችን አንድ ጋሪ አድርሼ እመጣለሁ» ብሎ ዓሣው ጋ ገባ። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ውኃ ረግቶ እንደ መስተዋት ሆኗል። ጋሪው ሸሸ፣ እሱም አብሮ ሸሸ፣ ካርቶኑ በላዩ ላይ ተደረመሰ። ዳሌው ተሰበረ። መደርደሪያውና ግድግዳው መካከል ተቀረቀረና ቀረ። የቀኝ እጁ ጓንት ወልቆ ባዶ እጁ የመደርደሪያው ብረት ላይ አረፈ፤ ሊያነሣው አልቻለም። ጮኸ። ከዚያ መጮህም ደከመው።

በር ላይ ተቆጣጣሪዋ ከስክሪኗ ፊት ተቀምጣለች። የጠፋች ባጅ ግራጫ ትሆናለች እንጂ አትጮህም። ብዙ ባጅ ከብረት ኋላ ለአፍታ እየጠፋ ስለሚመለስ፣ በየደቂቃው ጩኸት ከሆነ ሴትዮዋ ትሰለቻለች ብላ መሐንዲሷ ናት እንደዚያ ያደረገችው። ተቆጣጣሪዋ ግራጫውን አይታዋለች። የአባ ሙሉ ባጅ ከረፋድ ወዲህ ሁልጊዜም ግራጫ ነው። ምን ይደንቃል ብላ ሻይዋን ጠጣች።

ያገኘው ሳቂታው ነው። ከዕረፍት ተመልሰው ጋሪ ሲጠፋባቸው «አባ ሙሉ! ኧረ አባ ሙሉ!» እያለ እየተጣራ ገባ። መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው።

ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉለት። ዳሌውን በብረት አሰሩለት። የቀኝ እጁን ጣቶች ግን ማዳን አልቻሉም፤ አውራ ጣቱ ብቻ ቀረች።

መሐንዲሷ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ቤቷ አድርጋው ሰነበተች። ሳቂታው አንድ ከሰዓት ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቷ ቆመ፤ ሳቂታው ዛሬ አይስቅም።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው። «አንተ ባትደርስለት ኖሮ…»

«ኧረ በፈጠረሽ አታመስግኚኝ።» ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ኢንጂነር፣ እኔ የምነግርሽ ነገር ሆዴ ውስጥ እየፈጀኝ ነው። እኛ እኮ ባጁን ግማሽ ላይ ነው የምንነቅለው።»

«ማናችሁ?»

«ሁላችንም። ከአባ ሙሉ በቀር። ግማሽ ከሆነች ትቆያለች፣ ሙሉ ከሆነች ምሳ አትደርስም። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ብቻ እንደዚያ ነው።»

ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ገና ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ስክሪኑ፣ ቁጥሩ፣ ያ ሁሉ ሳቋ አንድ ላይ መጣባት። ግድግዳውን ያዘች።

«ለሱ ለምን አልነገራችሁትም?»

«ፈርተን ነው። እሳቸው ለአንቺ ይነግራሉ፣ አንቺ ደግሞ ታስተካክዪዋለሽ።» ታስተካክዪዋለሽ ያላት እንደ ክፉ ነገር ነው። «እውነቱን ልንገርሽ? እሳቸው ሲሞሉ የኛ ይቆይ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይጎዳሉ ብለን። ባጅ እኮ ናት አልን! ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ የለም።»

«ስለ አደጋው በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይህን ትናገራለህ?»

ሳቂታው ወለሉን አየ። «እህቴ፣ ሦስት ልጅ አለኝ» አለና ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ለበረዶ ቤቱ አስተዳደር የደወለችው። «ሠላሳ ሰባት ቁጥር ማን ነው?» አለች። ጸሐፊዋ ወረቀት አገላበጠች፤ «ውይ፣ አባትሽ ናቸው እኮ!» አለቻት፣ እንደ ምሥራች።

የስብሰባው ነገር እንዲህ ነው። ኩባንያው አደጋው የማን ጥፋት እንደሆነ መወሰን አለበት። የኩባንያው ወይም የዕቃው ጥፋት ከሆነ ሽማግሌው ጡረታውን፣ ካሳውን፣ ሕክምናውን ያገኛል። የራሱ ቸልተኝነት ከሆነ ይሰናበታል፣ አለቀ። ጣት የሌለው ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ምን ሥራ ይሠራል? የልጁን እጅ እያየ መቀመጥ ነው።

አለቃዋ በመኪናው ይዟት ሲሄድ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። በረዶ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት። «ዛሬ ስለ ባጁ አሠራር አታውሪ። ሆስፒታሎቹ ነገ ነው የሚፈርሙት። ይህ ነገር ከወጣ ድርጅቱ ይዘጋል፤ እኔም አንቺም፣ እነዚያ የቢሮው ልጆችም ሜዳ ላይ ነን። አባትሽን እኔ አሳክማቸዋለሁ፣ ሙት ልበልሽ! ባጁን ደግሞ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ጥፋቱ የኛ ነው እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል፤ የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች።

የስብሰባው ክፍል ይሞቃል። ሥራ አስኪያጁ በጠረጴዛው ራስ፣ የሠራተኞች ተወካይ በቀኙ፣ መሐንዲሷና አለቃዋ በግራው፣ ሳቂታው በር ሥር። አባ ሙሉ በተሽከርካሪ ወንበር ገባ፤ የታሸገ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም በግራ እጁ ሰላም አለ። ሸሚዙን ስትቆልፍለት አንድ ቁልፍ አዛብታ ነበር፤ አሁን ነው ያየችው።

«ወድቀው ስታገኛቸው ባጃቸው ይሠራ ነበር?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሞታ ነበር» አለ ሳቂታው።

«የእናንተስ?»

«የኛ… የኛ ይሠራ ነበር፣ ጌታዬ።»

ተወካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። የሱም ባጅ ደረቱ ላይ ናት፣ በግማሽ ባትሪ። በመዳፉ ሸፈናት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ሥራ አስኪያጁ መመሪያውን አነሣና አነበበ። «‹ሙሉ የተሞላ ባትሪ ለአንድ የሥራ ቀን ይበቃል። ከዚያ በፊት ካለቀ ጉድለቱ የተጠቃሚው ነው።› ኢንጂነር፣ አባትሽ መሆናቸውን አውቃለሁ፣ አዝናለሁም። ግን ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።» ቢሮዋ ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ፣ ባጇን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለክታ የጻፈችው ነው።

«አሁንም እንደዚያ ነው የምትዪው?»

አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ ይህን አልክድባትም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

አባቷ ቀደማት። «ጌታዬ፣ እሷን ምን አድርጊ ነው የምትሏት?» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሶኬቱን ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው የሚሆነው። ከዚህ በፊትም ነግራኝ ነበር፣ አባዬ አጥብቀህ ስካ ብላ። እርጅና ነው። የሷ ዕቃ እንደሆነ አያጠፋም፤ ይኸው ሌላው ሁሉ ይሠራለታል።»

ሊያድናት የዋሸ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከልቡ ነው። ልጁ ከምታጠፋ የገዛ እጁ ቢያጠፋ ይቀለው ነበርና እጁን ከሰሰ።

«ኢንጂነር?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አለቃዋን አየች፤ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ነው። ሳቂታውን አየች፤ ጫማውን ያያል። አባቷን አየች፤ ፈገግ አለላት፣ አይዞሽ እንደሚላት።

«መመሪያው ላይ… እንደተጻፈው ነው» አለች።

ተፈረመ። ቸልተኝነት ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ የሽማግሌውን ግራ እጅ ጨበጠ፣ ለረጅም አገልግሎቱም አመሰገነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! አባ ሙሉ ደግሞ ባርኮት ወጣ።

ቤት እንደገቡ ሾርባ አሞቀችለት። ወንበሩን ከጠረጴዛው አስጠግታ፣ አንገቱ ሥር ጨርቅ አድርጋ፣ በማንኪያ ታበላው ጀመር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ታች መንገዱ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ማንኪያ ጠጣና እጇን ገፋ አደረገ።

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ምን አድርገህ?»

«በሰው ፊት አሳፈርኩሽ። አንድ ሶኬት መሰካት አቅቶኝ፣ አንቺ የለፋሽበትን… የሠራችው ልጄ ናት እያልኩ ስደነፋ ከርሜ፣ ያበላሸሁት እኔው ልሁን? ቀን ከሌት እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ጣቱስ ግዴለም።»

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ለስብሰባው ያልወጣው ቃል አሁን ሳትጠራው መጣ።

«አባዬ፣ ሶኬቱ ምንም አልሆነም። ሞልተኸዋል።»

«ታዲያ ለምን ሞተች?»

«ስለሞላኸው።»

አልገባውም። ነገረችው። ባጆቹ የሞላውን ፈልገው እንደሚጭኑበት፣ ግማሽ የሆነውን እንደሚያልፉት፣ ሌሎቹ ሁሉ ግማሽ ላይ እንደሚነቅሉ፣ የዚያ ሁሉ ሰው መልእክት በሱ ደረት ብቻ ሲያልፍ እንደከረመ። ለሆስፒታል ሰዎች ስታስረዳ እንደምታደርገው ሳይሆን እየተንተባተበች ነገረችው። ሽማግሌው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

«ልጆቹ ያውቁ ነበር?»

«ምክንያቱን አያውቁም። አንተ ስትሞላ የነሱ እንደሚቆይ ግን ያውቁ ነበር።»

«ዛሬ እዚያ ስንቀመጥ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሶኬቱን አላጠበቅኩም ስል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ኳሷ ታች አንድ የብረት በር መታች፤ ልጆቹ ተንጫጩ። አባ ሙሉ ወደ መስኮቱ አየና ተመለሰ።

«ከዚያስ በፊት? ሳልወድቅ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ለዚህ እንኳ አልዋሸችም።

«አንዲት ባጅ የሁሉንም እንደምትሸከም አውቅ ነበር። በየቀኑ አያት ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አባዬ። የማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።»

አልጮኸባትም፤ አላለቀሰም። ቢጮህ እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። ግራ እጁን ዘረጋና ማንኪያውን ከሳህኑ ውስጥ ለመያዝ ሞከረ። አንዴ አመለጠው፣ በሁለተኛው ያዘው። ወደ አፉ ሲወስደው ማንኪያው አጋደለና ሾርባው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ከአንገቱ ሥር ጨርቁን ስባ ልትጠርግለት ጎንበስ አለች።

«ተዪው» አላት።

«ያቃጥልሃል፣ አባዬ፣ ቆይ…»

«ተዪው አልኩሽ። ራሴ እበላለሁ።»

ሁለተኛውም ፈሰሰ። ሦስተኛው ገባለት። እሷ ጨርቁን እንደያዘች፣ ሾርባው ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ድረስ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።